ዲላን ጊታሩን የሰካ ቀን፦ ሕዝቡ የጮኸው በምኑ ነው?

ይሄን ታሪክ አብዛኛው ሰው የሚያውቀው በአንድ መስመር ነው። አሜሪካዊው ዘፋኝ ቦብ ዲላን 1965 ላይ ኒውፖርት ፎክ ፌስቲቫል ኤሌክትሪክ ጊታር ይዞ ወጣ፣ የፎክ (የሕዝብ ባህላዊ ዘፈን በሉት) አፍቃሪው ጮኸበት፣ አለቀ። እኔም ለስንት ጊዜ እንደዛው ስል ነበር። ከዛ የምሽቱን ቅጂ በሄድፎን ደጋግሜ ሳዳምጥ፣ ዙሪያውን የተጻፈውን ሳነብ፣ ታሪኩ አልገጥም አለኝ። ለምን በሉኝ፣ እዛ ፌስቲቫል ላይ ኤሌክትሪክ ጊታር ሲሰማ የመጀመሪያው አልነበረም እኮ! ጆኒ ካሽ 1964 ላይ ከነኤሌክትሪክ ጊታር ተጫዋቹ ወጥቶ ሰው በደስታ ነው የተቀበለው። በዛው በ1965ቱ ፌስቲቫል ደግሞ ዲላን ከመውጣቱ በፊት የፖል በተርፊልድ ብሉዝ ባንድ ከነአምፕሊፋየሩ ተጫውቷል፣ ሕዝቡ እነሱን "ከዳችሁን" አላላቸውም። ታዲያ ዲላን ላይ ሲሆን ምን መጣ?

(ዓመቶቹም፣ ወሮቹና ቀኖቹም በሙሉ በፈረንጅ ናቸው፣ ኋላ እንዳትጣሉኝ።)

መጀመሪያ ልጁን እንይ። የልደት ስሙ ሮበርት ዚመርማን ነው፣ 1941 ሚኒሶታ ውስጥ ዱሉዝ ተወልዶ ሂቢንግ በምትባል የብረት ማዕድን ከተማ ነው ያደገው። ሃይስኩል እያለ ፒያኖ እየደበደበ ሮክ ኤንድ ሮል ነበር የሚጫወተው፣ የትምህርት ቤቱ የዓመት መጽሔት ላይ ምኞቱ ተብሎ የሰፈረው "ሊትል ሪቻርድን መቀላቀል" የሚል ነው፣ ሪቻርድ ያኔ የሮክ ኤንድ ሮል ኮከብ ነው። ይቺን ነገር ያዙልኝ። 1961 ጥር ላይ ኒውዮርክ ሲደርስ ግን ሌላ ሰው ሆኖ ነው የደረሰው፣ አኮስቲክ ጊታር፣ አንገቱ ላይ የታሰረች ሃርሞኒካ፣ ኮፍያ፣ የፎክ ዘፋኙን የዉዲ ጋትሪን የመሰለ የገጠር አነጋገር። ጋትሪ ያኔ ኒው ጀርሲ ሆስፒታል ውስጥ ታሞ ተኝቶ ነበር፣ ዲላን አልጋው ድረስ ሄዶ ጠይቆታል፣ ዘፍኖለታል። ከዛ በሁለት ዓመት ውስጥ የወጣቱ ሁሉ አፍ ሆነ። 1963 ኒውፖርት ላይ ከአንጋፋው የፎክ ዘፋኝ ከፒት ሲገር፣ ከጆአን ባዬዝ፣ ከፍሪደም ሲንገርስ ጋር እጅ ለእጅ ተያይዘው የጥቁሮችን የመብት ትግል መዝሙር ሲዘምሩ የተነሱት ፎቶ አለ፣ በዛው ዓመት ነሐሴ 28 ማርቲን ሉተር ኪንግ ንግግሩን ባደረገበት የዋሽንግተን ሰልፍ ላይም ዘፍኗል። ገና 22 ዓመቱ ነው።

አሁን ደግሞ ፌስቲቫሉን። ይሄን ካልተረዳን ጩኸቱ አይገባንም፣ ስለዚህ ትንሽ ልቆይበት። ኒውፖርት ፎክ ተራ ኮንሰርት አልነበረም። የኮንሰርት አዘጋጁ ጆርጅ ዊን 1959 ጀመረው፣ 1963 ላይ ደግሞ ትርፍ የማያከፋፍል ተቋም ሆኖ በራሳቸው በሙዚቀኞቹ ቦርድ መመራት ጀመረ፣ ሲገር አለበት፣ ቲዮዶር ቢኬል አለበት፣ የፒተር፣ ፖል ኤንድ ሜሪ ቡድኑ ፒተር ያሮው አለበት። ሕጋቸው ምን መሰላችሁ፣ ማንም ይሁን ማን፣ ዘፈኑ በሬዲዮ የሚሰማ ስመ ጥርም ሆነ ከሚሲሲፒ እርሻ የመጣ ሽማግሌ፣ ክፍያው 50 ዶላርና ወጪው ብቻ ነው። ሰዓቱም እንደዛው ነው የሚከፋፈለው፣ ለአንዱ የተለየ ረጅም ሰዓት የለም፣ ሁሉም ትንሽ ትንሽ ተጫውቶ ይወርዳል። እዛ ሰፈር አኮስቲክ ጊታር እንጨትና ክር ብቻ አልነበረም፣ ያለ ገንዘብ፣ ያለ ባንድ፣ ያለ ኩባንያ ማንም ሰው ቤቱ ቁጭ ብሎ ሊዘፍነው ይችላል ማለት ነው። ከሁሉም በላይ ደግሞ ቃሉ ይሰማል ማለት ነው። ሲገር ራሱ በፖለቲካ አቋሙ ምክንያት ስንት ዓመት ከቴሌቪዥን የተገፋ፣ ምክር ቤት ፊት ቀርቦ ጓደኞቼን አልጠቁምም ብሎ ፍርድ ቤት የተጎተተ ሰው ነው፣ ለሱ ዘፈን መሳሪያ ነው፣ ቃሉ የማይሰማ ዘፈን ደግሞ ጥይት የሌለው ጠመንጃ በሉት።

እና ዲላን ድንገት ነው የቀየረው? አይደለም። ምልክቱ በሽ ነበር። 1964 የወጣው አልበሙ ላይ የትግል ዘፈን ትቶ ወደ ራሱ ነገር መግባት ጀመረ፣ በዛው ዓመት ኅዳር ሲንግ አውት የሚባለው የፎክ መጽሔት አዘጋጅ ኧርዊን ሲልበር ግልጽ ደብዳቤ ጻፈበት፣ ከሕዝብ ተለየህ፣ አጃቢዎችህ ከበቡህ የሚል ዓይነት። 1965 መጋቢት የወጣው አልበም ግማሹ ጎን በባንድ፣ ግማሹ በአኮስቲክ ነበር። ሰኔ ላይ በርድስ የሚባሉት ልጆች የሱን ሚስተር ታምበሪን ማን በኤሌክትሪክ ተጫውተው አንደኛ ወጡ። ሐምሌ 20 ላይክ ኤ ሮሊንግ ስቶን ወጣ፣ ከ6 ደቂቃ በላይ፣ ነጠላ ዘፈን ሦስት ደቂቃ መሆን አለበት በሚባልበት ዘመን። ኒውፖርት ላይ የወጣው ሐምሌ 25 ነው። አምስት ቀን! ሬዲዮ ያለው ሰው ሁሉ ሰምቶታል። ስለዚህ "ሕዝቡ ያላሰበው ዱብ ዕዳ ወረደበት" የሚሉት ነገር እኔ አይዋጥልኝም።

ጠቡ የተጀመረው ደግሞ በሌላ ሰው ነው። የበተርፊልድ ባንድ ከቺካጎ የመጡ ጥቁርና ነጭ የተቀላቀሉበት ልጆች ናቸው፣ ቤዙን ጀሮም አርኖልድ ድራሙን ሳም ሌይ ነው የሚጫወቱት፣ ሁለቱም ከብሉዝ ዘፋኙ ከሀውሊን ዎልፍ ጋር የሰሩ፣ ማለትም ብሉዝን ከምንጩ የሚያውቁ ሰዎች። የብሉዝ ዎርክሾፑ ላይ ግን ዘፈን ሲሰበስብ ዕድሜውን የጨረሰው አለን ሎማክስ ሲያስተዋውቃቸው እነዚህ ልጆች ብሉዝ ይችሉ እንደሆነ እናያለን የሚል የንቀት መግቢያ አደረገላቸው። የዲላን ማናጀር አልበርት ግሮስማን እዛው ነበር፣ ባንዱንም ሊይዘው ፈልጓል፣ ሎማክስን እንዲህ ዓይነት ማስተዋወቅ አለ እንዴ አለው፣ ነገር ተካረረ፣ ሁለት ወፋፍራም ጎልማሶች አቧራ ላይ ተያይዘው ተንከባለሉ። በእውነት። የሰላምና የወንድማማችነት ፌስቲቫል ላይ። ብዙዎች እንደሚሉት ዲላን በባንድ ልውጣ ብሎ የቆረጠው ይሄን ከሰማ በኋላ ነው፣ እኔ ግን ከመጋቢት ጀምሮ ሲያመራበት የነበረ መንገድ ይመስለኛል፣ ንቀቱ ቀኑን ነው የቆረጠለት።

ባንዱ በአንድ ሌሊት ነው የተሰበሰበው። ማይክ ብሉምፊልድ ሊድ ጊታር፣ አርኖልድና ሌይ ከበተርፊልድ፣ ባሪ ጎልድበርግ፣ ኦርጋን ላይ አል ኩፐር፣ ኩፐር እንደውም ፌስቲቫሉን እንደ ተመልካች ሊያይ ነው የመጣው። አንድ ትልቅ ቤት ውስጥ ገብተው ሌሊቱን ሲለማመዱ ያወጡት ሦስት ዘፈን ብቻ ነው። ይቺ ሦስት ቁጥር ኋላ ትመለሳለች።

እሁድ ማታ። ፕሮግራሙን ሲገር የከፈተው የአራስ ሕፃን ለቅሶ በቴፕ አሰምቶ ነው፣ ይሄ ልጅ ስለሚያድግባት ዓለም ዘምሩለት ብሎ። ዲላን የተመደበው መሀል ላይ ነው፣ ከሱ በፊት ብዙ ዓይነት መሳሪያ የምትጫወት፣ ጉንጯን በእጇ እየመታች ዜማ በማውጣት የምትታወቀው ካዝን ኤሚ ነበረች። ከዛ ያሮው አስተዋወቀውና ጨለማው መሀል ጥቁር ቆዳ ጃኬት የለበሰ፣ ፌንደር ስትራቶካስተር ያነገተ ልጅ ወጣ። የ1963ቱ የሠራተኛ ሸሚዝ የለም።

የመጀመሪያው ዘፈን ማጊስ ፋርም ነው። እዚህ ላይ የምትገርም ነገር አለች፣ ይሄ ዘፈን ራሱ ዳውን ኦን ፔኒስ ፋርም ከሚባል የጭሰኞች ብሶት ዘፈን የተወለደ ነው፣ ሲገር ራሱ የሚዘፍነው! ከሥሩ ካያችሁት ከዚህ በላይ ፎክ የለም። ግን ማን ሰምቶት? ብሉምፊልድ ጊታሩን ሲለቀው አምፕሊፋየሩ እሪ ነው የሚለው። ቅጂውን ስታዳምጡ ደግሞ ሌላ ነገር አለ፣ ድራሙ አንድ ቦታ ላይ ምቱን ያዞረዋል፣ ጠንካራው ምት መውደቅ ያለበት ቦታ ላይ አይወድቅም፣ ኩፐርም ኋላ አምኗል፣ ምቱ ተገለበጠብን ብሎ። ሄድፎን አድርጋችሁ እግራችሁን ብትመቱ እግራችሁ ይሳሳታል። በአንድ ሌሊት ልምምድ የመጣ ባንድ እንግዲህ ይሄው ነው።

አሁን የድምፁን ነገር ላስረዳ፣ ምክንያቱም እኔ እስከሚገባኝ የጉዳዩ ቁልፍ እዚህ ነው። የፌስቲቫሉ ሳውንድ ሲስተም የተዘጋጀው ለድምፅና ለአኮስቲክ መሳሪያ ነው። የጊታር አምፕሊፋየር ደግሞ መድረኩ ላይ ተቀምጦ ራሱን ችሎ ይጮሃል፣ የሳውንድ ሲስተሙ ትልልቅ ስፒከሮች አያስፈልጉትም። የዘፋኙ ድምፅ ግን በማይክ ገብቶ በሚክሰሩ አልፎ በትልልቆቹ ስፒከሮች ነው የሚወጣው። ስለዚህ ከፊት የተቀመጠ ሰው የብሉምፊልድን ጊታር በቀጥታ ከአምፕሊፋየሩ ይቀበላል፣ የዲላን ድምፅ ግን እዛ ግርግር ውስጥ ይሰምጥበታል። ከኋላ ያለው ሌላ ሚዛን ይሰማል። መድረክ ጀርባ ያለው ደግሞ ጭራሽ ሌላ። በአጭሩ አንድ ኮንሰርት አይደለም የነበረው፣ እንደ መቀመጫህ የሚለያይ ሦስት አራት ኮንሰርት ነው። ምስክሮቹ እስከዛሬ የማይስማሙት ስለሚዋሹ አይመስለኝም፣ የሰሙት የተለያየ ስለሆነ ነው። እና ዲላንን ለግጥሙ ብሎ የመጣ ሰው፣ ሰሙም ወርቁም በጊታር ተውጦበት ቁጭ ብሎ ምን ያድርግ?

ሲገር ጋ እንምጣ። መጥረቢያ አንስቶ የኤሌክትሪኩን ገመድ ሊቆርጥ ሮጠ የሚለው ወሬ ዓለምን ዞሯል። መጥረቢያ አልነበረም። ሲገር ራሱ በኋላ ሲናገር ያለው፣ ቃሉ አይሰማም አስተካክሉት ብዬ ለመንኩ፣ እንደዚህ ነው የሚፈልጉት አሉኝ፣ መጥረቢያ ቢኖረኝ ገመዱን እቆርጠው ነበር አልኩ ነው። የፕሮዳክሽን ኃላፊው ጆ ቦይድም እነ ሲገርና ሎማክስ ድምፁ እንዲቀንስ ልከውት ሚክሰሩ ጋ ሄዶ፣ እዛ ያሉት ግሮስማን፣ ያሮውና የሙዚቃ ፕሮዲውሰሩ ፖል ሮትቻይልድ አንቀንስም እንዳሉት ተናግሯል። ልብ በሉ፣ ያሮው የቦርድ አባል ነው። ቦርዱ ራሱ ለሁለት ተከፍሎ ነበር ማለት ነው፣ አንዱ ከመድረክ ጀርባ ቀንሱ ይላል፣ ሌላው ሚክሰሩ ጋ ቆሞ እምቢ ይላል፣ ሕዝቡ ደግሞ ምንም አያውቅም።

ሦስቱ ዘፈን አለቀ፣ ዲላን ወረደ። በቃ! ስንት መቶ ኪሎ ሜትር ነድቶ የመጣ ሰው፣ ብዙው ለሱ ብሎ የመጣ፣ ሦስት ዘፈን ሰምቶ፣ እሱም ግማሹ አልተሰማውም። ያኔ ነው ጩኸቱ የባሰው። ኩፐር ዕድሜ ልኩን የሚለው ይሄንኑ ነው፣ የጮኹት ስላጠረባቸው ነው ይላል። ያሮው ተደናግጦ ማይኩን ይዞ ሕዝቡን ያባብላል፣ ዲላንን ተመለስ ይላል። ዲላን አኮስቲክ ጊታር ተውሶ ተመለሰ። እዚህ ላይ ቅጂው ውስጥ የምወዳት ቦታ አለች፣ ሃርሞኒካው በሚፈልገው ቁልፍ አልነበረችም መሰለኝ ሕዝቡን "ኢ ሃርሞኒካ ያለው አለ? ወርውሩልኝ" አለ። ከዛ ከጨለማው ውስጥ ሃርሞኒካዎች እንደ በረዶ መድረኩ ላይ ወረዱበት፣ ሲያርፉ ይሰማል፣ ቋ፣ ቋ። አሁን ንገሩኝ፣ ይሄ ሰው የሚጠላ ሕዝብ ነው? ከደቂቃዎች በፊት የጮኸበት ሕዝብ ሃርሞኒካ በኪሱ ይዞ ነው የመጣው፣ ግማሹ እሱን መሆን የሚፈልግ ነው። ኢትስ ኦል ኦቨር ናው ቤቢ ብሉንና ሚስተር ታምበሪን ማንን ዘፈነላቸው፣ አጨበጨቡ፣ ኢትስ ኦል ኦቨር ናው የሚለው ርዕስ "እንግዲህ አበቃ" ማለት መሆኑን ስንቱ እንደታዘበው እንጃ።

ስለዚህ የኒውፖርት ምሽት ላይ የኔ ፍርድ ይሄ ነው፦ አንደኛ ድምፅ፣ ሁለተኛ ማጠር፣ ክህደት የሚለው ስሜት ደግሞ ነበረ ግን ሦስተኛ ነው። ክህደቱ ያደገው በኋላ፣ ታሪኩ ሲወራ ነው። ማስረጃ ትሉኝ እንደሆነ ነሐሴ 28 1965 ፎረስት ሂልስ ቴኒስ ስታዲየም ላይ የሆነውን እዩ። እዛ ወደ 15 ሺህ ሰው ነበር፣ ፕሮግራሙ ግልጽ ነው፣ መጀመሪያ ዲላን ብቻውን፣ ቀጥሎ ከባንድ ጋር። ብቻውን ሲሆን ዝም ብለው ሰሙት፣ ባንዱ ሲገባ ገና ከጅምሩ ጩኸት። አስቂኙ ነገር ላይክ ኤ ሮሊንግ ስቶን ላይ ሲደርሱ ያ ሲጮህ የነበረ ሕዝብ ከነቃሉ አብሮ ዘፈነ! ቤቱ ተለማምዶት ነው የመጣው፣ ዘፈኑንም ጩኸቱንም። ኒውፖርት ላይ ከብሶት የወጣው ነገር በአንድ ወር ውስጥ ባህል ሆነ፣ ዲላን ኮንሰርት ስትሄድ መጀመሪያ አጨብጭብ ከዛ ጩህ፣ የቲኬቱ አካል በሉት።

ይሄ ባህል ሰው በላ። ከኒውፖርት በኋላ ዲላን የያዘው ድራመር ሊቮን ሄልም በየምሽቱ መሰደብ ሰልችቶት 1965 ኅዳር መጨረሻ ላይ ባንዱን ጥሎ ሄደ፣ ሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ላይ የዘይት ማውጫ ውስጥ ተቀጥሮ ሠራ። አስቡት፣ ከዲላን ጋር አገር ለአገር ከመዞር ዘይት መቅዳት ይሻላል እስከማለት ነው የደረሰው። የቀሩት 1966 እንግሊዝ ገቡ። ግንቦት 17 ማንቸስተር ፍሪ ትሬድ ሆል ላይ ሕዝቡ በዘፈኖቹ መሀል ሆን ብሎ ቀስ ያለ ጭብጨባ ያጨበጭባል፣ እንዳይጀምሩ። ዲላን ምን አደረገ፣ ማይኩ ላይ ተጠግቶ ምንም የማይገባ ነገር ያልጎመጉማል፣ ሕዝቡ ምን አለ ብሎ ሲያዳምጥ ጭብጨባው ቀስ በቀስ ይጠፋል፣ ልክ ዝም ሲሉ "...ያን ያህል ባታጨበጭቡ ኖሮ" ብሎ ጨረሰ። ኋላ ነው አንዱ ከአዳራሹ "ይሁዳ!" ብሎ የጮኸው። ዲላን አላምንህም አለ፣ ውሸታም ነህ አለ፣ ወደ ባንዱ ዞሮ ጮክ አድርጋችሁ ተጫወቱ አለ፣ ሮሊንግ ስቶን ተጀመረ። ይሄ ቅጂ ለዓመታት ሮያል አልበርት ሆል ነው እየተባለ በስውር ሲሸጥ ኖሮ 1998 ነው በይፋ የወጣው። ይሁዳ የሚለው ቃል ላይ ትንሽ ቁሙ። ይሁዳ የሸጠው ሰው አለ፣ የተሸጠው ማን ነው? የኛ ነው ብለው ያሰቡት ዲላን። ሰውዬው ራሱን ሸጠ ነው ክሱ። ጊታር የለበትም እዚህ ውስጥ።

ክሱ ደግሞ ጭራሽ መሠረት የለውም አልልም። ላይክ ኤ ሮሊንግ ስቶን አሜሪካ ውስጥ ሁለተኛ ወጥቷል፣ በኤሌክትሪኩ በኩል ገንዘብ ነበር፣ ሲልበር አጃቢ ከበበህ ሲል ያየው ነገር ነበር፣ 50 ዶላር እኩል በሚከፈልበት ፌስቲቫል ላይም ከነማናጀሩ ከነቡድኑ እንደ ንጉሥ መግባት ሰው ያስቀይማል። በሦስት ዘፈን መውረዱም ጥፋት ነው፣ ሌሊቱን ሁለት ዘፈን ቢጨምሩ ታሪኩ ሌላ ይሆን ነበር ብዬ አስባለሁ። ግን ንጽሕናው የት ነበር? የዲላንን ብሎዊን ኢን ዘ ዊንድ የሚለውን ዘፈን 1963 ላይ ሁለተኛ ደረጃ አድርሰው በገፍ የሸጡት ፒተር፣ ፖል ኤንድ ሜሪ ናቸው፣ በአኮስቲክ ጊታር፣ ማናጀራቸውም ያው ግሮስማን። ያኔ ማንም ይሁዳ አላላቸውም። "ቀየረ" የሚለውም ቃል አይመቸኝም፣ ያቺን ያዙልኝ ያልኳችሁን የሊትል ሪቻርድ ነገር አስታውሱ። ልጁ ወደ ቤቱ ነው የተመለሰው፣ በመሀል እንግዳ ሆኖ የቆየበት ቤት ግን ልጃችን ነህ ብሎት ነበር።

ከዛ በኋላ ያለው አጭር ነው። ሐምሌ 29 1966 ዉድስቶክ አካባቢ ከሞተር ሳይክል ወደቀ፣ እስከ 1974 ድረስ ቱር አልወጣም። የኒውፖርቷ ስትራቶካስተር አውሮፕላን ላይ ተረስታ በአብራሪው ቤተሰብ እጅ ቆይታ 2013 በጨረታ 965 ሺህ ዶላር ተሸጠች፣ ያኔ ገመዷን እቆርጥ ነበር የተባለላት ዕቃ ማለት ናት። ዲላን ራሱ ኒውፖርት የተመለሰው 2002 ላይ ነው፣ ከ37 ዓመት በኋላ፣ አርቴፊሻል ፀጉርና የውሸት ፂም ለጥፎ።